ዋስህ ማነው?

በመጽሐፈ መሳፍንት እንደ ተጻፈው፣ የገለዓድና የኤፍሬም ሰዎች ተዋግተው ኤፍሬም ድል በሆነ ጊዜ፣ ከሰይፍ የተረፉት ወደ አገራቸው ለመግባት የዮርዳኖስን መሻገሪያ መርገጥ ግድ ሆነባቸው፤ መሻገሪያውን ግን ገለዓዳውያን አስቀድመው ይዘውት ነበርና፣ የሚመጣውን ሁሉ ወገኑን እየጠየቁ፣ ኤፍሬማዊነቱን የካደውን ደግሞ ትርጓሜዋ የእህል ዛላ የሆነውን «ሺቦሌት» የምትባለውን ቃል እንዲናገራት ያስገድዱት ነበር። የኤፍሬማዊው አንደበት «ሺ» ማለትን አልለመደምና «ሲቦሌት» ይላል፤ ስለዚህች ስለ አንዲት ፊደልም እዚያው ወንዙ ዳር ይታረዳል። በዚያን ጊዜ የወደቁትን መጽሐፉ 42,000 ያደርሳቸዋል።

ይህን ታሪክ በልጅነቴ ስሰማ ያስደነገጠኝ የሟቾቹ ብዛት ነበረ። ከሸመገልሁ ወዲህ የሚያስደነግጠኝ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም የምናሴ ልጅ የሆነው ገለዓዳዊ ገዳይና የኤፍሬም ልጅ የሆነው ሟች በአያታቸው በዮሴፍ የሚገናኙ፣ ለአንድ አምላክ የሚሰግዱ፣ አንዱ የተናገረውን ሌላው ያለ አስተርጓሚ የሚሰማ ወንድማማቾች መሆናቸው ነው። የሚለያቸው ነገር ቢታጣ ፍለጋው እስከ ምላስ ጫፍ ወረደ። በነገድ የተከፋፈለ ሕዝብ ሕዝባዊ መንግሥት ሊያቆም ይችል እንደ ሆነ ሲመረመር፣ ሊቃውንቱ አብዛኛውን ጊዜ የቋንቋውንና የሃይማኖቱን ዐይነት ቈጥረው፣ ችግሩ ከልዩነቱ ብዛት የመጣ ነው ይላሉ። እኔ ይህን አልቀበለውም፤ ምስክሮቼም ሩቅ ሳንሄድ ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎች ናቸው። በአፍሪካ ምድር እንደ እነርሱ በአንድ ቋንቋ የሚነጋገር፣ በአንድ ሃይማኖት የሚያምን ሕዝብ ጥቂት ነው፤ በጎሳ ስም እንደ እነርሱ እርስ በርሱ የተፋጀም እንዲሁ ጥቂት ነው። ስለዚህ የነገሩን ሥር ከልዩነት ሌላ ቦታ ቈፍሮ መፈለግ ያስፈልጋል።

ሕዝባዊ መንግሥት፣ በዘመኑ አነጋገር ዴሞክራሲ፣ ሰውን ራስ በራስ ይቈጥራል፤ በድምፅ መስጫው ሣጥን ፊት የባላባት ልጅና የእረኛ ልጅ፣ ባለ ብዙ ዘመዱና ብቸኛው፣ አንድ አንድ ናቸው። ነገድ ግን ሰውን ብቻውን ቈጥሮት አያውቅም፤ ከአባቱ፣ ከአያቱና ከቅድመ አያቱ ጋር፣ ገና ካልተወለዱት ልጆቹም ጋር አጣምሮ ይቈጥረዋል እንጂ። እንግዲህ ምርጫ ማለት ዛሬ የተሸነፈው ነገ ሊያሸንፍ ይችላል ማለት ከሆነ፣ ድምፅ ከልደት ጋር በተጣበቀበት አገር ምርጫው የሕዝብ ቈጠራ ይሆናል፤ ተሸናፊውም የተሸነፈው ክርክር አንሶት ሳይሆን ልጅ አንሶት ነውና፣ እስከሚመጣው ምርጫ ድረስ የሚያሻሽለው ነገር የለውም። እንዲህ ያለው ሰው ሣጥኑን ትቶ ጠመንጃውን ቢያነሣ፣ ሥራው ኀጢአት ቢሆንም ሒሳቡ ስሕተት አይደለም።

የተማርን የምንባል ሰዎች ለዚህ ደዌ የምናዝዘው መድኃኒት ስብከት ነው። ጎሰኝነት ድንቍርና ነው፣ ጎሰኝነት የጨለማው ዘመን ቅሬታ ነው እያልን እንሰብካለን፤ እኔም ብዙ ዘመን ሰብኬአለሁ። ስብከቴን የጠረጠርሁት የዛሬ ጥቂት ዓመታት፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ቀበሌ መታወቂያ ለማሳደስ ተሰልፌ በቆምሁበት ቀን ነው። ከፊቴ የነበረችውን ወጣት ጸሐፊው ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የተወለደችበትን ቀን ጠይቆ ከሞላ በኋላ፣ ብዕሩን ሳያነሣ «ብሔር?» አላት። «በአባቴ ጉራጌ፣ በእናቴ ኦሮሞ» አለች። «ቦታው ለአንድ ነው የሚበቃው የኔ ልጅ፤ አንዱን በይ» ቢላት፣ ጥቂት አሰብ አድርጋ፣ «እንግዲያው የርስዎን ይጻፉልኝ» አለችው። ሰልፈኛው ሳቀ፤ ጸሐፊውም ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላ ግን የአባቷን ጻፈ።

ከኋላዬ የቆመው ጎልማሳ ከገጠር ከመጣ ገና ዓመት ያልሞላው ነበረ። የጥበቃ ሥራ አግኝቶ ዋስ አምጣ ተብሏልና፣ ለዋሱ የሚሆን ወረቀት ለማጻፍ ነበር የመጣው። ማን እንደሚዋሰው ብጠይቀው፣ «የአጎቴ ልጅ ነዋ! እዚህ አገር እርሱን ካልሆነ ማንን አውቃለሁ፣ ጋሼ?» አለኝ። ልጅቱ የተጠየቀችው ማን እንደ ሆነች ነው፤ ጎልማሳው የተጠየቀው ማን እንደሚዋሰው ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች በመሠረቱ አንድ መሆናቸውን ያን ቀን ተረዳሁ።

ነገድ የድኻ ዋስ ነው። በሶማሌ ልማዳዊ ሕግ፣ እነርሱ ሔር በሚሉት፣ ነፍስ ያጠፋ ሰው የሚከፍለው የደም ካሣ ከጥንት ጀምሮ ለወንድ 100፣ ለሴት 50 ግመል ነው። መቶ ግመል ከየት ያመጣል? ስለዚህ የሚከፍሉለት ወገኖቹ ናቸው፤ እርሱ የተገደለ እንደ ሆነም ካሣውን የሚቀበሉ ወገኖቹ ናቸው። በሌሊት ምድረ በዳ የሚያቋርጠውን መንገደኛ ከገዳይ እጅ የሚጠብቀው ሦስት ቀን የሚያስኬደው የፖሊስ ጣቢያ አይደለም፤ የገዳዩ አጎቶች «ኋላ እኛን ታስከፍለናለህ» ብለው የገዳዩን እጅ መያዛቸው ነው። ይህን መንገደኛ ጎሳህን እርሳ ብሎ መምከር፣ ያለችውን አንዲት የዋስትና ወረቀት ቀድደህ ጣላት፤ በምትኳ የምሰጥህ ግን የለኝም ማለት ይሆናል። የቱኒሱ ሊቅ ኢብን ኸልዱን በ14ኛው መቶ ዓመት ዐሰቢያ ብሎ የጠራው፣ ያለ እርሱም መንግሥት አይቆምም ያለው ኀይል ይኸው ነው፤ ቤተ መንግሥት የገባ ወገን በድሎት ተፈትቶ ይህን ኀይል በጥቂት ትውልድ እንደሚያጣውም ያው ሊቅ አስረድቷል።

በቋንቋችን «ነገድ» እና «እንግዳ» በፊደል የሚቀራረቡ ቃላት ናቸው፤ በግእዝ «ነገደ» መጓዝንም መነገድንም ይናገራልና፣ ነጋዴውንም በዚሁ ጉባኤ ልንጨምረው እንችል ይሆናል። ምንጫቸው በእርግጥ አንድ ይሁን አይሁን ሰዋስው ዐዋቂዎች ይፍረዱት፤ እኔን ደስ የሚለኝ ግን ወገንንና ባይተዋርን ለመጥራት አንድ ዐይነት ፊደላት መብቃታቸው ነው።

ወደ ሶማሊያ ልመለስ። አገሪቱ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1960 ነጻ ከወጣች በኋላ ለዘጠኝ ዓመታት በፓርላማ ተዳድራ ነበር፤ በመጋቢት 1969 በተደረገው ምርጫ ለ123 መቀመጫዎች ከ60 የበለጡ ፓርቲዎችና ከ1,000 የበለጡ እጩዎች ቀረቡ። እያንዳንዱ ንኡስ ጎሳ የራሱን ሰው ይልክ ዘንድ የራሱን ፓርቲ አቆመ ማለት ነው። ይበልጥ የሚያስተምረው ከምርጫው በኋላ የሆነው ነው፤ ፓርላማው በተከፈተ ጊዜ ተቃዋሚዎቹ ሁሉ ወደ ገዢው ፓርቲ ተሻግረው፣ በተቃዋሚው ወንበር የቀሩት አንድ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ብቻ ነበሩ። ሰዎቹ አሳብ ይዘው አልገቡም፤ ማዕድ ፍለጋ ገቡ፤ ማዕዱም ወዳለበት ሄዱ። በጥቅምት ወር ፕሬዚዳንቱ አብዲራሺድ ዓሊ ሸርማርኬ ላስ አኖድ በምትባለው ከተማ በገዛ ጠባቂያቸው ጥይት ተገደሉ፤ ሳምንትም ሳይሞላ ሠራዊቱ መንግሥቱን ያዘ።

የሠራዊቱ አለቃ ዚያድ ባሬ ከእኛ ከሰባኪዎቹ ወገን ነበረ ለማለት ይቻላል። የጎሰኝነትን ምስል አሠርቶ በአደባባይ አቃጠለው፣ ቀበረው፤ የሰውን ጎሳ መጠየቅ ነውርም ወንጀልም ሆነ። ሕዝቡም ሕጉን ጠበቀ፤ አንዱ ሌላውን ጎሳህ ማን ነው ከማለት ይልቅ «የቀድሞ» ጎሳህ ማን ነበር እያለ ይጠይቀው ጀመር። ለስሕተታችን ከዚህች ቀልድ የተሻለ ተግሣጽ አላገኘሁም። ሰውዬው ራሱ የተማመነው የአባቱ በሆነው በመሬሃን፣ የእናቱ በሆነው በኦጋዴን፣ የአማቹ በሆነው በዱልባሃንቴ ጎሳ ነበረ፤ ሰዉ እየፈራ በሹክሹክታ የሦስቱን የመጀመሪያ ፊደላት ይጠራ ነበር። ምስሉን አቃጥሎ ዋሶቹን በጓዳ ደበቀ። እርሱን ያየ ሌላው ሰው የራሱን ዋስ ይጥል ዘንድ ምን ምክንያት ነበረው? በ1988 በሰሜን የነበረው ዐመፅ ሲበረታ፣ ከሐርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ የተነሡ የመንግሥት አውሮፕላኖች ያችኑ ሐርጌሳን ደበደቡ፤ ከእሳቱ ያመለጠው በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ በእግሩ ወደ እኛ ምድር ተሻግሮ በጅጅጋ አቅራቢያ በሐርትሼክና በሌሎች ሰፈሮች ተጠለለ።

የሚደንቀው ነገር ከዚህ በኋላ ይጀምራል። ዚያድ ባሬ በወደቀበት በ1991 ሰሜኑ ከደቡቡ ተለይቶ ሶማሊላንድ ነኝ አለ፤ መለየቱ ተገቢ ነበር አልነበረም የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ ትቼ፣ መንግሥቱን እንዴት እንዳቆሙት ብቻ ልናገር። በ1993 ሽማግሌዎቹ ለጉባኤ በቦረማ ተሰበሰቡ። ቦረማ የድል አድራጊው የኢሳቅ ጎሳ ከተማ አይደለችም፤ በጦርነቱ ጊዜ አብዛኛው ከሌላው ወገን የቆመው የገደቡርሲ ጎሳ አገር ናት። በጦር ያሸነፈው፣ በቍጥርም የሚበልጠው፣ ሰላም ለመነጋገር የትንሹን ጎሳ ጣራ መርጦ እንግዳ ሆኖ መጣ። እዚያ ወራት ተቀምጠው፣ የጠፋውን ደምና የተዘረፈውን ከብት ተነጋግረው፣ ጉርቲ የተባለውን የሽማግሌዎች ምክር ቤት ከመንግሥቱ አካላት አንዱ እንዲሆን አደረጉ፤ ኢጋል የተባሉትንም ሰው ፕሬዚዳንት አድርገው መረጡ። በኋላ የወጣው ሕገ መንግሥት ከሦስት የበለጡ ፓርቲዎች እንዳይኖሩ ከለከለ። ጎሳዎቹና ንኡሳን ጎሳዎቹ ከሦስት እጅግ ይበልጣሉና፣ ሥልጣን የሚሻ ሁሉ የሌላውን ጎሳ ደጅ መጥናት ግድ ሆነበት። ይህ ብልሃት እንኳ ጥንታዊ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ508 ዓመት ገደማ ክሊስቴኔስ የተባለው ሰው የአቴናን ሕዝብ ከአራቱ ጥንታውያን ነገዶች አውጥቶ በ10 አዳዲስ ነገዶች ሲያደራጅ፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ከከተማው፣ ከባሕሩ ዳርቻና ከመኻል አገሩ አንዳንድ ክፍል ቀላቀለበት፤ ሰው ያለ ነገድ መኖር ካልቻለ ከማያውቀው ሰው ጋር የሚኖርበት ነገድ ይሠራለት እንዳለ ነው። እኛ የዴሞክራሲ እናት የምንላት አቴና ሥራዋን የጀመረችው በነገድ ላይ በመስበክ ሳይሆን ነገድን በመጠገን ነበር።

ኢጋል በ2002 ሲሞቱ ምክትላቸው ዳሂር ሪያሌ ካሂን ተተኩ። ሪያሌ ከትንሹ ጎሳ ከገደቡርሲ ናቸው፤ ይህም አልበቃ ብሎ በዚያድ ባሬ ዘመን በጸጥታ መሥሪያ ቤት ያገለገሉ ሰው ናቸው። በሚያዝያ 2003 በምርጫ የተወዳደሯቸው አህመድ ሞሐመድ ሲላንዮ ደግሞ ዚያድ ባሬን በጦር የተዋጋው ንቅናቄ ሊቀ መንበር የነበሩ፣ የብዙኃኑም ጎሳ ልጅ ናቸው። ወደ ግማሽ ሚሊዮን ከሚጠጋው ድምፅ ውስጥ ሁለቱን የለያቸው 80 ድምፅ ሆነ፤ በአንድ የሰርግ ዳስ ውስጥ ከሚቀመጠው ዕድምተኛ ያነሰ። አሸናፊው ሪያሌ ተባሉ። ከተሸናፊው ኋላ የቆመው ወገን ብዙ ነው፤ ጠመንጃም ያውቃል፤ በደሉንም አልረሳም። ሲላንዮ ተቈጡ፣ አንገራገሩ፣ ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ፍርዱም በሪያሌ ጸና፤ በመጨረሻም ሽማግሌ ገብቶ ውሳኔውን ተቀበሉ። ሰባት ዓመት ቈይተው በ2010 እንደ ገና ተወዳደሩና አሸነፉ፤ ሪያሌም ወንበሩን ለቅቀው ሄዱ።

ያ ተሸናፊ ሰው በ2003 ፍርዱን ለምን ተቀበለ? ከጎሳው ፍቅር ስለ ወጣ ነውን? አይመስለኝም። የተቀበለው፣ በቦረማ የገዛ ጎሳው ሽማግሌዎች ለቃል ኪዳኑ ዋስ ሆነው ስለ ነበረ ነው እላለሁ። ከዚያ በፊት ጎሳ ሰውን ከመንግሥት ይዋሰው ነበር፤ በቦረማ ግን ጎሳዎቹ መንግሥቱን እርስ በርሳቸው ተዋሱት። ተሸናፊውም እርሱም ቤቱም እንደማይጠፉ አወቀ፤ ስለዚህ ለመሸነፍ አቅም አገኘ። ለወገን መታመን በራሱ ኀጢአት ነውን ለሚለኝ የሥነ ምግባር ጠያቂ የምሰጠው መልስ ከዚህ ይወጣል። ይሁዳ ስለ ብንያም በያዕቆብ ፊት ዋስ በሆነ ጊዜ ሁለቱ የአንድ አባት እንጂ የአንድ እናት ልጆች አልነበሩም፤ ያው ይሁዳ ከዚያ በፊት የብንያምን የእናቱን ልጅ ዮሴፍን ይሸጡት ዘንድ መክሮ ነበር። መታመኑ ሳይቀንስ ዙሪያው ሰፋለት። ለወገን መታመን ኀጢአት የሚሆነው ዋስትናው ወገንን ብቻ ሲያውቅ ነው።

ይሁን እንጂ ቦረማን እንደ ደብረ ታቦር አድርጌ እዚያው ዳስ እንሥራ ማለቴ አይደለም። ጉርቲ ከ1997 ወዲህ ሳይመረጥ የገዛ ዘመኑን እያራዘመ ተቀምጧል፤ ሽማግሌው ሲሞት ወንበሩን ልጁ ወይም ዘመዱ ይወርሰዋል። ዋሱ ባለ ርስት ሆነ ማለት ነው። ሴቶችማ ከሒሳቡ ወጥተዋል፤ በ2021 ለፓርላማ ከተወዳደሩት 13 ሴቶች አንዲት እንኳ አልተመረጠችም፤ ያገባች ሴት በአባቷ ጎሳ ዘንድ ለባዕድ የተሰጠች፣ በባሏ ጎሳ ዘንድ ከባዕድ የመጣች ናትና፣ ማናቸውም የእኔ እጩ ብሎ አይዋሳትም። በምሥራቅ በኩል ያሉት ዱልባሃንቴዎችም ብዙዎቹ የቃል ኪዳኑ ተካፋይ ነን አላሉም፤ በ2023 ላስ አኖድ ላይ፣ ፕሬዚዳንት ሸርማርኬ በተገደሉባት በዚያችው ከተማ፣ ከሶማሊላንድ ሠራዊት ጋር ለወራት ተዋግተው ሠራዊቱን አስለቅቀዋል። ሳይጠየቅ ዋስ የተጠራበት ሰው ዕዳውን አልከፍልም ቢል ምን ይደንቃል?

በደቡብ ሶማሊያ የተደረገው ግን ከዚህ የባሰ ነው። በ2000 ጅቡቲ ውስጥ በአርታ በተደረገው ጉባኤ፣ የፓርላማው ወንበር ለአራቱ ታላላቅ ጎሳዎች እኩል፣ ለቀሩት ሁሉ ተደምረው ለአንዱ ከተሰጠው ግማሽ እንዲሆን ተወሰነ፤ አራት ተኩል የሚባለው ቀመር ይህ ነው። ለጊዜው ጠመንጃ ለማስቀመጥ ጠቅሞ ይሆናል፤ ጊዜያዊ የተባለው ግን ኖረ። በዚህ ሒሳብ ግማሹ ውስጥ የተወለደ ሕፃን ምንም ቢማር፣ ምንም ቢደክም፣ ግማሽ ነው። በእግዚአብሔር አርኣያ የተፈጠረ ሰው በግማሽ ሲጻፍ ያለ ኀፍረት የሚቀበል ሥርዓት፣ የቀበሌውን ጸሐፊ የአንድ ቃል ቦታ ያስመሰግናል።

ለዚህ ነገር ከመጽሐፍ ምሳሌ አምጣ ብባል፣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰውን የባቢሎንን ግንብ ትቼ የሐዋርያት ሥራን ስድስተኛ ምዕራፍ እወስዳለሁ፤ ሰባክያን ለእስጢፋኖስ ገድል መግቢያ አድርገው ፈጥነው ያልፉታልና። በኢየሩሳሌም በነበረችው ማኅበር ውስጥ በግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት አይሁድ፣ በዕለት ዕለቱ የምግብ አገልግሎት መበለቶቻችን ይዘለላሉ ብለው በዕብራውያኑ ላይ አንጐራጐሩ። ገና መንፈስ ቅዱስ በወረደበት ቤት፣ ገንዘቡ ሁሉ የጋራ በሆነበት ማኅበር ውስጥ፣ ጥያቄው የቋንቋና የወጥ ቤት ጥያቄ ነበረ። ዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ሁሉም የዕብራውያኑ ወገን ነበሩ። አንጐራጓሪዎቹን ጎሰኞች ናችሁ ብለው አልገሠጹም፤ ማዕዱንም ለሁለት ከፍለው ለእናንተ ድስት፣ ለእኛ ድስት አላሉም፤ ከመካከላችሁ በመልካም የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች ምረጡ ብለው ለጉባኤው ተዉት እንጂ። ጉባኤውም እስጢፋኖስን፣ ፊልጶስን፣ ጵሮኮሮስን፣ ኒቃሮናን፣ ጢሞናን፣ ጳርሜናንና የአንጾኪያውን ኒቆላዎስን መረጠ። ስም ብቻውን ምስክር ባይሆንም፣ ሰባቱም ስሞች የግሪክ ናቸው። ዕብራውያኑ ሦስቱን ለእኛ፣ አራቱን ለእናንተ ብለው አልተከራከሩም፤ የጓዳውን ቍልፍ እንዳለ ላንጐራጐሩት ሰጧቸው፤ የገዛ እናቶቻቸው እንጀራም ከዚያን ቀን ጀምሮ በእነዚያ እጅ ሆነ።

ሐዋርያት ጸልየው እጃቸውን ጫኑባቸው። የዕብራውያኑ መበለቶች በማግሥቱ ወደ ማዕዱ ሲቀርቡ ምን እንዳሉ ግን ጸሓፊው አልጻፈልንም።